ናቫረን፦ ጄኔራሉ ከወታደሮቻቸው ጋር የተቀበሩበት ሐውልት (ጥያቄና መልስ)

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሐውልቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ሁሉ ናቫረን ላይ ስለወደቀ እዚያው ልቆይ። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ቦታው የት ነው?

ሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሻምፓኝ። ከሱወን ወደ ሶምፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ታገኘዋለህ። ናቫረን የአንድ እርሻ ቤት ስም ነበር። ቤቱ በጦርነቱ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ። በአካባቢው እንደ ታዩርና ኡርሉ ያሉ መንደሮችም ወድመው ዳግም አልተሠሩም።

ጄኔራሉ ማን ናቸው? ስማቸው ጓሮ ነው ጉሮ?

ጉሮ! ኦንሪ ጉሮ። በ1915 ቱርክ ውስጥ፣ ዳርዳኔልስ ላይ ቆስለው ቀኝ እጃቸው ተቆረጠ። ከዚያ ተመልሰው በሻምፓኝ የፈረንሳይን 4ኛ ጦር መሩ።

በምን ታወቁ?

በጁላይ 15 ቀን 1918። ጀርመኖች ከባድ ጥቃት አዘጋጅተዋል። ጉሮ ግን አብዛኛውን ሰው ከፊተኛው ምሽግ አስቀድመው ወደ ኋላ ስበዋል። ዋዜማው ማታ የተማረኩ ጀርመኖች ሰዓቱን ተናገሩ። ሌሊቱን የጠላት መድፍ ባዶ ሊባል የሚችል ምሽግ ሲደበድብ አደረ። እግረኛው ሲመጣ ሁለተኛው መስመር ላይ ተመትቶ ቆመ። የማልረሳው ግን ከፊት የቀሩትን ጥቂቶች ነው። ሥራቸው ጠላት መምጣቱን ማሳወቅና ማዘግየት ነበር። የመትረፍ ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነ ያውቁት ነበር።

ሐውልቱ ምን ይመስላል?

ፒራሚድ ነው፣ በ1924 ተመረቀ። ሥሩ 10,000 ያህል ስማቸው ያልታወቀ ወታደሮች ዐፅም አለ። አናቱ ላይ ሦስት ተዋጊዎች ቆመዋል። የመካከለኛው መልክ የጉሮ ነው። አንዱ የቀራጺው ወንድም ነው፣ ጦርነቱ የበላው። ሌላው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ፣ ኩዌንቲን ሩዝቬልት፤ አውሮፕላኑ ተመትቶ በ20 ዓመቱ ሞተ። ቀራጺው ማክሲም ሬያል ዴል ሳርትም በጦርነቱ አንድ እጁን አጥቷል። ባለ አንድ እጁ ጄኔራል በባለ አንድ እጁ ቀራጺ ተቀረጹ ማለት ነው።

አሜሪካዊ እዚያ ምን ይሠራል?

በጉሮ ሥር የተዋጉ አሜሪካውያን ብዙ ናቸው። ከነሱ አንዱ ከኒውዮርክ የመጣው 369ኛው የጥቁሮች እግረኛ ሬጅመንት ነው። የራሳቸው ሠራዊት ከነጮች ጎን ሊያሰልፋቸው ስላልፈለገ ለፈረንሳይ ሰጣቸው። ፈረንሳዮቹ መሣሪያ አስታጠቋቸው፣ በኋላም ሸለሟቸው።

ጄኔራሉ እውነት እዚያ ናቸው?

አዎ። በ1946 ሲሞቱ፣ በፍላጎታቸው እዚያው ከወታደሮቻቸው ጋር ተቀበሩ። ፓሪስ ውስጥ የክብር መቃብር የሚነፈጋቸው ሰው አልነበሩም።

በጣም አወደስካቸው። ሶርያስ?

ልክ ነህ። በ1920 የጉሮ ጦር ደማስቆ አቅራቢያ፣ ማይሰሉን ላይ ሶርያውያንን አሸንፎ ደማስቆ ገባ። ከዚያም በፊት፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1898 የምዕራብ አፍሪካውን ተዋጊ ሳሞሪ ቱሬን የማረኩት እሳቸው ናቸው፣ ያኔ ሻምበል ሳሉ። ለወታደሮቻቸው የነበራቸውን ፍቅር አልክድም። ለሌላው ሕዝብ ግን ወራሪ ነበሩ። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የማነበው።

ብሄድ ከሐውልቱ ሌላ የማየው አለ?

አለ። ዙሪያውን ምሽጎቹና መድፍ የቆፈራቸው ጉድጓዶች አሁንም ይታያሉ። ስትራመድ እግርህ ሥር እያየህ።