ሲሞቅ የሚብስ የሞተር ድምፅ

ጥያቄ፦ በ1994 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ። ጠዋት ከአዘዞ ስነሣ ደህና ነው፤ ከመተማ ሰሊጥ ጭኜ ወደ አይከል ዳገቱን ስይዝ ግን ከሞተሩ ሥር «ዱግ ዱግ» የሚል ከባድ ድምፅ ይሰማል። አንዱ መካኒክ «ፑንቴሪያ ነው» ሲለኝ ሌላው «ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። የማንን ልስማ?
ከጎንደር

መልስ፦ እንደ ጻፉልን ከሆነ ፑንቴሪያ (የቫልቮቹ መግፊያ) ነው ለማለት ያስቸግራል። ክፍተቱ የሰፋ ፑንቴሪያ የሚያሰማው ቀጭን «ጠቅ ጠቅ» ሲሆን፣ የሚመጣውም ከላይ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ካለው የሞተር ክዳን) በኩል ነው፤ በሚኒሞም (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይሰማል፣ ጭነት ቢኖርም ባይኖርም ብዙ አይለወጥም። ማስለካቱ አይከፋም፤ በዚህ ሞተር ክፍተቱ ሲቀዘቅዝ በማስገቢያው ቫልቭ ከ0.20 እስከ 0.30፣ በማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

የእርስዎ ድምፅ ግን ከታች መምጣቱ፣ ሲሞቅ መባሱና በጭነት መበርታቱ የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ብሮንዚና፣ ማለትም በመጋጠሚያው የሚገባው ስስ የብረት ሽፋን፣ መበላቱን ያስጠረጥራል። ኮሎ የሚባለው በፒስተኖቹ የሚዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው። ከመተማ ቆላ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ጎንደር ተጭኖ ሲወጣ፣ ዘይቱ እጅግ ግሎ የሚቀጥነው ብሮንዚናው ከፍተኛ ጫና በሚሸከምበት በዚያው ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የዘይት ግፊቱ ይለካ። የዳሽቦርዱ መብራት አለመብራቱ አያዘናጋዎት፤ መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ብቻ ነው። የግፊት ሴንሰሩ ተፈትቶ በቦታው መለኪያ ሰዓት ይታሰር፤ ሞተሩ ግሎ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ካነበበ ጥርጣሬው ተጠናክሯል ማለት ነው።

ቀጥሎ መካኒኩ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) የናፍጣ ቱቦ በየተራ ጥቂት ያላላ፤ የአንዱ መላላት ድምፁን ከቀነሰው ችግሩ ያለው በዚያ ሲሊንደር ነው። ሆኖም የተበላሸ ኢንጀክተርም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚሰጥ፣ ኢንጀክተሩን ከሌላ ሲሊንደር ጋር አቀያይሮ መሞከር ይገባል፤ ድምፁ አብሮት ከሄደ በርካሽ ተገላገሉ። ናፍጣው በኃይል ስለሚረጭ እጅና ዓይን ይጠበቁ፤ ኮመን ሬይል (ለሁሉም ኢንጀክተሮች በጣም ከፍተኛ ግፊት ያለው ናፍጣ የሚያድል የጋራ ቱቦ) በተገጠመላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ይህ ፈጽሞ አይሞከርም።

የዘይት ፊልትሮውንም አስቆርጠው ወረቀቱን ይዩት። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለና ማግኔት የማይስበው ከሆነ ከብሮንዚና የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መካኒክ ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስላል፤ ጥፋቱ መቸኮሉ ነው። ብሮንዚናው በጊዜ ከተደረሰበት ሞተሩ ሳይወርድ የዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ብቻ ተፈትቶ ሊቀየር ይችላል፤ ኮሎው ከተቧጨረ ግን ወርዶ በማሽን መስተካከሉና በአዲሱ ልኩ ብሮንዚና መገጠሙ አይቀርም። ወፍራም ዘይት ጨምረው ድምፁን እንዲያጠፉ የሚመክርዎት ካለ አይቀበሉት፤ ድምፁ ቢደበዝዝም መበላቱ ይቀጥላል። ግፊቱ እስኪለካ ድረስም መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት አይውጣ።