ጥያቄና መልስ፦ ልጄን የሚያስቃት መላጣው ሰውዬ ማነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ8 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤቷ ላይብረሪ «ኤ ላይት ኢን ዘ አቲክ» የሚል የግጥም መጽሐፍ አምጥታ ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ብቻዋን ትስቃለች። ገጣሚው ሼል ሲልቨርስታይን ይባላል፣ ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ መላጣና ጢማም ነው። አንዱን ግጥም ሳየው ሳህን ስበሩ የሚል መሰለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሰውዬው የዘፈን ደራሲ ነው ይላል። ሰው ለምንድነው እስካሁን እንዲህ የሚወደው? ላስነብባት ወይስ ላስተዋት?
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ አስነብቢያት እህቴ፣ እንዲያውም አጠገቧ ቁጭ በይና ድምፅሽን አውጥተሽ አብረሻት አንብቢ፣ የሱ ግጥም በጆሮ ካልተሰማ ግማሹ ይቀራል፣ ዘፈን ደራሲ ነዋ! ባለቤትሽ ልክ ነው። ጆኒ ካሽ በ1969 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሳን ኩዊንቲን እስር ቤት ገብቶ ለእስረኞቹ የዘፈነው «ኤ ቦይ ኔምድ ሱ» የሱ ድርሰት ነው፣ ለወንድ ልጁ የሴት ስም አውጥቶ ጥሎት ስለጠፋ አባት፣ ሲልቨርስታይን ግራሚ የሚባለውን የሙዚቃ ሽልማትም አግኝቶበታል። ቺካጎ በ1930 ተወልዶ፣ ወታደር ሆኖ ጃፓንና ኮሪያ ካርቱን ሲስል የነበረ ሰው ነው፣ የልጆች መጽሐፍ በሐሳቡም አልነበረም፣ ቶሚ ኡንገረር የሚባል ሰዓሊ ጓደኛው ነው ገፋፍቶ እዚህ ውስጥ ያስገባው። እንኳንም አስገባው!

ለምን ይወደዳል ላልሽው፣ ከልጁ ወገን ስለሚቆም ነው። እኛ ለልጅ ተረት ስንነግር መጨረሻው ላይ ምክር ካልጨመርን ያልጨረስን ይመስለናል፣ እሱ ግን ምክሩን ትቶ ልጁ በሆዱ የያዘውን ነው የሚጽፍለት። በ1974 የወጣው «ዌር ዘ ሳይድዎክ ኤንድስ» ላይ ትምህርት ቤት ላለመሄድ ኩፍኙንም ጆሮ ደግፉንም ያለ በሽታ ሁሉ የምትደረድር ልጅ አለች፣ ዛሬኮ ቅዳሜ ነው ሲሏት ባንዴ ድና ለጨዋታ ትወጣለች። ይሄን ያልሞከረ ልጅ ማን አለ?

የሳህኑ ነገር ያንቺ ብቻ ስጋት አይደለም። ሳህን አድርቅ ሲሉህ አንዱን ብትጥለው ምናልባት ሁለተኛ አያዙህም የሚለው ግጥም በ1985 ዊስኮንሲን፣ ቤሎይት ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ላይ ቅሬታ አስነስቶ ነበር። እኔ ግን ልጅ ቀልድን ከትእዛዝ በደንብ ይለያል ባይ ነኝ፣ የሚያስቀውም መለየቱ ነው። ደግሞስ ቆሻሻ አልጥልም ብላ ቆሻሻው ከቤት አልፎ አገር ስላዳረሰባት ልጅ የጻፈው ያው ሰውዬ አይደል እንዴ፣ እሱን አንብበሽላት ስታበቂ ቆሻሻውን አውጪ በያት እስኪ።

እና ይሄ ሁሉ ጨዋታ ሀዘን ካልነካው ሰው የመጣ እንዳይመስልሽ። ልጅሽ የያዘችውን መጽሐፍ በ1981 ሲያወጣ መታሰቢያነቱን ለገዛ ልጁ ነበር ያደረገው፣ በዓመቱ ልጅቷ በ11 ዓመቷ ሞተች። እሱም በ1999 አረፈ፣ ያልታተሙ ግጥሞቹ ግን በ2011 መጽሐፍ ሆነው ወጡ፣ ሰው አልረሳውም።

የ1964ቱን «ዘ ጊቪንግ ትሪ» ግን መጀመሪያ አንቺ አንብቢው። ፍሬዋን፣ ቅርንጫፏን፣ ግንዷን ሳይቀር ለአንድ ልጅ ሰጥታ ጉቶ ሆና ስለቀረች ዛፍ ነው። ግማሹ ሰው ይሄ ነው ፍቅር ብሎ ያለቅሳል፣ ግማሹ ልጁ ራስ ወዳድ ነው ብሎ ይናደዳል፣ እኔ ከተናደዱት ወገን ነኝ። «ልጁስ ለዛፏ ምን ሰጣት?» ብለሽ ጠይቂያትና የመለሰችልሽን ጻፊልን።