ጥያቄና መልስ፦ በአካ ኤችቲቲፒ ሪኩዌስትን ሪጀክት ማድረግ

ስለ አካ ኤችቲቲፒ (በስካላና በጃቫ የድር ሰርቨር መሥሪያ ላይብረሪ) ራውቲንግ፣ ማለትም የሚመጣውን ሪኩዌስት (ጥያቄ) የትኛው ራውት (መንገድ) እንደሚቀበለው ስለመወሰን፣ ብዙ ጠይቃችኋል። ተራ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ለሌለው ሰው 403 (አልተፈቀደም) ይመለሳል ብዬ ሪጀክት አደረግኩ። 200 (ተሳክቷል) መጣብኝ። ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሪጀክት «አትገባም» ማለት አይደለም። «እኔን አይመለከተኝም፣ ቀጣዩ ይየው» ማለት ነው። ቀበሌ ስትሄድ «መስኮት 4 ሂድ» እንደምትባለው። መስኮት 4 ከተቀበለህ የመጀመሪያውን መስኮት እምቢታ ማንም አያነሳውም።

የላክልኝን ኮድ አየሁት። የአድሚን ራውትህ ፈቃድ በሚያጣራው ኦቶራይዝ ታጥሯል። ከሥሩ ግን ማንኛውንም አድራሻ የሚቀበል ራውት አለ። ኦቶራይዝ ሪጀክት ሲያደርግ ሪኩዌስቱ ወደዚያ ይወርዳል፣ እሱም መነሻ ገጹን በ200 ይሰጣል። የአድሚን ገጹ አልተከፈተም፣ አትደንግጥ። ሪኩዌስቱ እዚያው እንዲያልቅ ግን የአድሚኑን ውስጥ በራውት.ሲል (ሪጀክሽኑ አልፎ ሳይሄድ እዚያው ወደ መልስ እንዲቀየር በሚያሽገው) ጠቅልለው። ራውት.ሲሉ የግድ ከፓዝ ፕሪፊክሱ (የአድራሻውን መጀመሪያ ከሚያዛምደው) ውስጥ ይሁን። ከውጭ ካደረግከው አድሚን ያልሆነው ሁሉ 404 (አልተገኘም) ይሆንብሃል። ይሄን ስህተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ 404ስ ሪጀክሽን ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ባዶ ዝርዝር ያለው ሪጀክሽን። የትኛውም ራውት ምክንያት ሳይሰጥ ካሳለፈው መጨረሻ ላይ 404 ይሆናል።

ጥያቄ፦ 405 እና 401ስ?

መልስ፦ 405 ማለት አድራሻው ተገኝቷል፣ ሜተዱ (ጌት፣ ፖስት የመሳሰለው) አልገጠመም ማለት ነው። የሚፈቀዱት ሜተዶች አላው ሄደር ላይ አብረው ይመጣሉ። 401 ማንነትህን አላረጋገጥክም ነው። 403 ደግሞ አውቄሃለሁ፣ ግን አልተፈቀደልህም።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚዎቻችን አማርኛ አንባቢ ናቸው። የስህተት መልእክቱን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ! በሪጀክሽን ሃንድለር ኒውቢልደር የራስህን ሃንድለር (ሪጀክሽንን ወደ መልስ የሚቀይረውን) ሥራና ኢምፕሊሲት (ስካላ በራሱ ፈልጎ የሚያገኘው) አድርገው። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፤ ቀድሞ የተጻፈው ቅድሚያ አለው። ለ404 ሃንድል ኖት ፋውንድን ለብቻው ጻፍለት። እባክህ መልእክቱ ሰው የሚረዳው ይሁን። «ስልክ ቁጥሩ አልተሞላም» ማለት «የተሳሳተ ጥያቄ» ከማለት እጅግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ወደ ፔኮ ብንዞር ይሄ ሁሉ ይቀየራል?

መልስ፦ አይቀየርም። አፓቺ ፔኮ በ2022 የአካ ላይሰንስ ሲቀየር ከአካ የተገነጠለ ነው። የፓኬጅ ስሞቹን ትቀይራለህ፣ አሠራሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ቴስት ላይ 404 ስጠብቅ ሪኩዌስቱ ሪጀክት ሆኗል ብሎ ይወድቅብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ቴስቱ ውስጥ ያለው ራውት ስላልታሸገ ነው። ሪጀክሽኑ ገና ወደ መልስ አልተቀየረም። በራውት.ሲል አሽጊውና 404ው ይመጣልሻል።