ዱቄቱ ዝቃጭ ቢበላም ውሃ አይጠጣም

ከጎንደር፣ ከአዘዞ የጻፉልኝ እናት ነገሩን እንዲህ አስቀምጠውታል፦ «ግቢያችን ውስጥ ከተከራዮቹ ጋር ስምንት ነፍስ ነን። ሴፕቲክ ታንኩ ከተሠራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ነው፣ ለሁለት ተከፍሏል፣ ከጎኑ በድንጋይ የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ አለው። በበጋ ድምፁም አይሰማ። አምና ግን ሰኔ ላይ አስመጥጠን ነሐሴ ላይ እንደገና ሞልቶ ወደ ሻወር ቤቱ ተመለሰ። አሁን አንድ ልጅ ጉድጓድ የሚያጎድል ዱቄት ይዞ መጥቷል፤ በወር አንድ ጊዜ ከጨመሩ መጣጭ መኪና አይጠሩም ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ለምን ገንዘብሽን ታወጫለሽ፣ እርሾ ይበቃል ትላለች። የቱን ልስማ?»

እናቴ፣ ሁለቱንም አይስሙ። ይህን የምለው ልጁን ልተጣላው ፈልጌ አይደለም፤ ሒሳቡ አይገጥምም።

አብረን እንየው። የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ ታንክዎ የሚይዘው 4,500 ሊትር ገደማ ነው። እኛ ታንክ ስንሠራ አንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ዝቃጭ ያስቀምጣል ብለን፣ በዛ አድርገን ነው የምናስበው። ለስምንት ሰው በዓመት 320 ሊትር። በሁለት ወር ደግሞ 53 ሊትር፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን እንኳን አይሞላም። ልጁ እውነቱን ነው እንበል፣ ዱቄቱ ያችን ዝቃጭ ጥርግ አድርጎ በላ እንበል፤ ያተረፈልዎት ሦስት ጄሪካን የማትሞላ ቦታ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ታንክዎን የሞላው ውሃ ነው። ውሃ የሚበላ ባክቴሪያ ደግሞ እስካሁን አልተፈጠረም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ጤነኛ ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ስምንት ሰው በቀን 50፣ 50 ሊትር ቢደፋ 400 ሊትር ነው፤ ባዶው ታንክ በ11 ቀን ይሞላል። ከዚያ ወዲያ በመግቢያው የገባውን ያህል በመውጫው እየወጣ ይኖራል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ክዳኑን ከፍተው ውሃው እስከ መውጫው ቱቦ ደርሶ ቢያዩ አይደንግጡ። የሚያስደነግጠው ከመውጫው ቱቦ በላይ ከቆመ ነው። ያኔ በሽታው ያለው ታንኩ ላይ ሳይሆን ከታንኩ ቀጥሎ ያለው ጉድጓድ ላይ ነው።

ውስጡ የሚሆነውን ለማወቅ የጠላ ጋን ማሰብ ይበቃል። ከላይ የሚንሳፈፍ አለ፣ መሀል የጠራው አለ፣ ከታች አተላው። ታንክ ውስጥም ቅባቱና ቀላሉ ነገር እንደ ስልባቦት ከላይ ይጋገራል፣ ከባዱ ይዘቅጣል፣ መሀሉ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። የታችኛውን ቀስ እያሉ የሚያፈርሱት አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱን ማን ይጨምራል? እኛው ነን፤ በየቀኑ፣ በየሰገራችን፣ በቢሊዮን የሚቆጠሩ። እከክን የሰጠ ጥፍርን አልነሳም ይባል የለ? ከአንድ ማንኪያ ዱቄት ጋር የሚገባው ባክቴሪያ ቀድሞ ከሞላው ሠራዊት ጋር ሲተያይ ቁጥር ውስጥ አይገባም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ለቤት ባለቤቶች የሚመክረው ይህንኑ ነው፦ በተፈጥሮ ያለው ባክቴሪያ ይበቃል፣ ተጨማሪ አያስፈልግም።

«ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። እንደ ዓይነቱ ነው። ባክቴሪያ ብቻ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ኪስ እንጂ ታንክ አይጎዳም። ቅባት አሟሚ ኤንዛይም ያለበት ግን ከላይ የተጋገረውን ስብ ያቀጥነውና ከጠራው ውሃ ጋር አብሮ ያስወጣዋል። ያ ስብ ማስረጊያው ጉድጓድ ደርሶ እንደገና ይረጋል፤ የድንጋዩንና የአፈሩን ቀዳዳ ይለስናል። ታንኩ «ጎደለ» ብለው ሲደሰቱ ጉድጓዱ ይሞታል። ታንክ መጣጭ ጠርተው ያጸዱታል፤ የተለሰነ ማስረጊያ ግን እንደገና መቆፈር ነው።

እርሾ ስኳር ይወዳል፣ ሰገራ ውስጥ ደግሞ ለእሱ የሚሆን ስኳር የለም ማለት ይቻላል። ካገኘም ጋዝ እያወጣ የዘቀጠውን ያናውጠዋል፤ እኛ የምንፈልገው እንዲረጋ ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንዲት ጠላ ሻጭ «ባክቴሪያ አለው» ተብለው አተላቸውን ለወራት ሲደፉበት የኖሩበትን ታንክ ከፍቼ አይቻለሁ። ከላይ የተጋገረው አካፋ አያስገባም ነበር። ሴትዮዋ አተላውን ለከብት ላለው ጎረቤት ሰጥተው ቢሆን ምርቃት ያገኙበት ነበር።

የሚያስፈራኝ ግን አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ነው። ማራኪ ሰፈር አንድ ቤት የባትሪ አሲድ የተደፋበት ታንክ ገጥሞኛል፤ ልስኑ ተልጦ ብሎኬቱ እንደ ደረቅ ዳቦ በጣት ይፈረፈር ነበር። ያሉትንም ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ መጣጭ የሚይዘውን ሠራተኛ እጅ ያቃጥላል። አሲድና በረኪና ከተገናኙ ደግሞ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ በአንድ ቀን ሁለቱን በአንድ ሽንት ቤት እንዳይደፉ። በረኪና ለብቻው፣ በልክ፣ ለጽዳት ቢጠቀሙ ግን ታንኩ አይሞትም፤ በዚህ የሚያስፈራራዎትን ነጋዴ አይስሙ።

አሁን ወደ እርስዎ ክረምት እንመለስ። የአዘዞ ሜዳ ብዙው ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ውሃውን ይውጣል፤ ስለዚህ ጉድጓድዎ ዝም ይላል። ሐምሌ ሲገባ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው። ግንበኛው ጉድጓዱን በየካቲት ቆፍሮ፣ ውሃ ደፍቶ፣ «ጥሩ ይሰርጋል» ብሎ አስረክቦዎት ከሆነ አልዋሸም፤ የየካቲትን ዋልካ ነው የለካው።

መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ሦስት ነገር ይዩ። የቆርቆሮው አሸንዳ ውሃውን የት ነው የሚጥለው? ያየኋቸው ግቢዎች ብዙዎቹ የጣሪያውን ዝናብ ታንኩና ማስረጊያው ላይ ነው የሚደፉት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,000 ሊትር ነው፤ ስምንት ሰው በአምስት ቀን የሚጠቀመው ውሃ በአንድ ከሰዓት። አሸንዳውን በቱቦ ወደ መንገዱ የጎርፍ ቦይ ያውጡት፤ ጉድጓዱ ላይ ያለውን አፈር ውሃ እንዳይቋጥር ከፍ አድርገው ያዳፍኑት፤ የክዳኑን ዙሪያ በሲሚንቶ ያሽጉት። ይህን ብቻ አድርጎ የተገላገለ ደንበኛ አለኝ፤ እኔም ለአንድ ቀን ሥራ ነው ያስከፈልኩት።

ሁለተኛው የውሃ ፈረቃ ነው። ቧንቧው ከርሞ ሲመጣ ጎንደር ውስጥ የሚሆነውን እናውቀዋለን፦ ሮቶ ይሞላል፣ የስንት ቀን ልብስ በአንድ ጀምበር ይታጠባል፣ ተከራዩም አከራዩም ይታጠባል። ያ ሁሉ በአንዴ ታንኩ ውስጥ ሲገባ የዘቀጠውን ያነሳውና ገፍቶ ወደ ማስረጊያው ይወስደዋል። ታንክ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን የመርጋት ጊዜ ይፈልጋል። ከተከራዮችዎ ጋር ተነጋግረው እጥበቱን ለሁለት ለሦስት ቀን ያካፍሉት፤ ሮቶ ካለ የሚቻል ነው።

ሦስተኛው መውጫው ላይ ያለው ቲ (T ቅርጽ ያለው) ቱቦ ነው። ከመውጫው ወደ ታች ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ እግር ሊኖረው ይገባል፤ ከመሀሉ ውሃ እንጂ ከላዩ ስብ እንዳይቀዳ። ተሰብሮ ወድቆ ወይም ጭራሽ ሳይገጠም የማገኘው ብዙ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጥፋቱ ግን ትልቅ።

ዝቃጩ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅም አይከብድም። ረጅም ሽመል ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ይጠቅልሉ፣ በመጀመሪያው ክፍል እስከ ታች ይስደዱት፣ ጥቂት አቆይተው ቀስ ብለው ያውጡት። የጠቆረው ልክ ዝቃጩ ነው። ዝቃጩና ከላይ የተጋገረው ተደምረው ከጥልቀቱ አንድ ሦስተኛ ሲደርሱ ያስመጥጡ። በእርስዎ ልክ ይህ በአራት ወይም በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ሲያስመጥጡም የላይ ላዩን ውሃ ብቻ ወስዶ የሚሄድ ሾፌር አለና ቆመው ይዩ፤ ቱቦው የመጀመሪያው ክፍል ታች መድረስ አለበት። እግረ መንገድዎን ይህን ይመልከቱ፦ መጣጩ ሲጨርስ ውሃ ከመውጫው ቱቦ ወደ ኋላ ወደ ታንኩ እየፈሰሰ ከተመለሰ፣ ማስረጊያው አልችል ብሏል ማለት ነው።

ሽመሉን የሚሰዱት ከላይ ቆመው ነው፤ ማንም ወደ ውስጥ እንዳይወርድ። ክዳኑን ከፍተው ራቅ ይበሉና ይተንፍስ፤ ክብሪትና ሲጋራ አይቅረብ፤ ሚቴን አለ። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ሲወርድ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የወረደውም እላዩ ላይ ይወድቃል። ባዶ ታንክም ቢሆን ያው ነው። የቀን ሠራተኛ «እኔ ለምጄዋለሁ» ቢልዎት እሺ አይበሉ።

አሸንዳውን፣ እጥበቱንና ቲውን አስተካክለውም ነሐሴ ላይ ከሞላ፣ ማስረጊያው መለወጥ አለበት። ፈተናውን በክረምት ያድርጉት፣ ሥራውን በበጋ። ማስረጊያው የሚሆንበት ጥልቀት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞልተው ያሳድሩት። በማግስቱ እንደገና ሞልተው በአንድ ሰዓት ስንት እንደወረደ ይለኩ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ያ አፈር አይቀበልም፤ ጉድጓዱን ቢያሰፉት ትልቅ ገንዳ ብቻ ይሆንልዎታል። ዋልካው አልፎ ውሃ የሚያሳልፍ ቦረቦር የሚገኝ ከሆነ እስከዚያ መውረድ ይቻላል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ግን ከጉድጓዱ ወለል ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ዝቅ ማለት አለበት። ቦታ ካለዎት እኔ የምመርጠው ጥልቀት የሌለው ረጅም ቦይ ነው፤ በኮረት መሀል ቀዳዳ ያለው ፒቪሲ ተዘርግቶ፣ ላዩ ላይ ሣር የበቀለበት። ፀሐይና ሣሩም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጥሬ የሚበላ አትክልት ግን አይትከሉበት፤ ከማንኛውም የውሃ ጉድጓድም፣ የጎረቤትዎንም ጨምሮ፣ 30 ሜትር ይራቅ።

በክረምት ዝናቡን ተገን አድርገው የታንኩን ውሃ ወደ ጎርፍ የሚለቁ አሉ፤ እርስዎ አያድርጉት። እዚህ ከተማ ወደ ቀሃ ወንዝ የተለቀቀ ነገር መገጭ ወንዝ ይገባል፣ ከመገጭ ጣና። በመንገዱ ላይ ልብስ የሚያጥቡና ከብት የሚያጠጡ ሰዎች አሉ።

ለሥራው የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር ጀምሮ ነው። ጥምቀት ሳይደርስ ቢጨርሱት መልካም ነው፤ ስምንት የነበረው ነፍስ በእንግዳ አሥራ አምስት ይሆናልና። ለዱቄቱ ሊያወጡ ያሰቡትን ለአሸንዳው ቱቦ ያውሉት። ልጁ እንደገና ከመጣ ደግሞ «ዱቄትህ በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይጠጣል?» ብለው ይጠይቁት።