መልስ፦ ታክሲ ውስጥ ለመመስከር ልዘጋጅ ወይስ መንፈስ ቅዱስን ልጠብቅ?

እህቴ፣ ከቱሉ ዲምቱ በምትሳፈሪበት ታክሲ ወንጌል ለመመስከር አስቀድሞ መዘጋጀት በመንፈስ ቅዱስ አለመደገፍ ይሆን ወይ ብለሻል። አይሆንም! የማቴዎስ 10፥19 «ምን እንድትናገሩ አትጨነቁ» ለፍርድ ተላልፈው ለሚሰጡ የተነገረ ነው፤ ጭንቀትን እንጂ ጥናትን አይከለክልም።

ፊልጶስን ተመልከቺ፣ የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ። መንፈስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሰረገላ ቅረብ ሲለው ሮጠ፤ ግን ስብከት አልጀመረም። ሰውየው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማና «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። ከዚያው ክፍል ተነስቶ ማስረዳት የቻለው መጽሐፉን ስለሚያውቅ ነው።

አንቺም ቤትሽ አንብቢ፣ ጸልዪ፤ ታክሲ ውስጥ አጠገብሽ ያለውን ሰው ልብ በዪ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ መስኮቱን ተደግፎ የሚያንቀላፋ ሰው ላይ መጮህ መንፈስ የመራው አይመስለኝም። ጳውሎስንም እኮ በእስያ ቃሉን እንዳይናገር ከልክሎታል፣ የሐዋርያት ሥራ 16፥6። እንዲህ ያለ ቀን በልብሽ ጸልዪለትና ውረጂ።