ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ይቅርብን ብል ያምርብኛል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን እኔም ባለቤቴም ስለምናነበው ስሜን ብደብቅም የጻፈው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ትወቀው።

የምንኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፣ እሷ ነርስ ናት፤ ስድስት ዓመት የሚሞላት ልጅ አለችን። ልጃችን ከተወለደች ወዲህ አልጋ ላይ አልተጣጣምንም፤ እኔ እፈልጋለሁ፣ እሷ ደክሟታል። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ተነጋግረውና ተስማምተው እያንዳንዳቸው ከሌላ ሰው ጋርም የሚወጡ ባልና ሚስት አሉ። ተደብቆ ከመማገጥ ይህ ይሻላል ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ብዙ ቀን አኮረፈችኝ። በኋላ ግን «እሺ፤ ግን ቤታችን ውስጥ አይሆንም፣ ከሐበሻ ጋር አይሆንም፣ ልጅቷ አትሰማም፣ ውሸት የለም» ብላ ተስማማች።

እኔ አፕ ላይ ፎቶዬን ለጥፌ ከረምኩ። ከሁለት ሦስት ሴቶች ጋር ቡና ጠጥተን ተለያየን፣ በቃ። እሷ ለወራት ምንም ሳትሞክር ቆይታ፣ የሸክላ ሥራ የምትማርበት ቦታ አንድ የተፋታ ሰው ተዋወቀች። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ማታ እሱ ዘንድ ናት። ሐሙስ ልጅቷን የማበላትም፣ ገላዋን የማጥባትም፣ የማስተኛትም እኔ ነኝ። እሷ እያንጎራጎረች ትገባለች። የገደለኝ ማንጎራጎሯ ነው።

ይብቃን ስላት «ሐሳቡ ያንተ፤ ደግሞስ ሰውየው ዕቃ ነው እንዴ የምመልሰው?» አለችኝ። ምስጢሬን የሚያውቅ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የዜግነት ማመልከቻ አስገብታ እየጠበቀች ስለሆነ ነገሩ ያሰናክላታል ይላል። ይባስ ብላ ሰውየውን ለልጃችን ልደት ልጥራው ትላለች። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ያምርብሃል። ሐሳቡን ያመጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ይታሰርበት የሚል ውል አልፈረምክም። ብቻ «ይብቃን» ስትል የእሷንም ድርሻ አብረህ ወስነሃል። ማለት የምትችለው «እኔ በዚህ መቀጠል አቃተኝ» ነው። ከዚያ በኋላ መልሱ የእሷ ነው፤ መልሷ የማትወደው ሊሆን እንደሚችልም አውቀህ ግባበት።

ግን ከመናገርህ በፊት ለራስህ አንድ ነገር መልስ። ቡና ካጠጣሃቸው ሴቶች አንዷ ነገ ደውላ «ቅዳሜ እንገናኝ» ብትልህ፣ ያኔም ይቅርብን ትላለህ? ከሄድክ፣ ያመመህ ስምምነቱ አይደለም፣ ላንተ አለመቅናቱ ነው። እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ የመጀመሪያው ባል አይደለህም። እነዚህ አፖች ላይ ወንዱ ከሴቱ ይበዛል፤ ባለትዳር ነኝ ብሎ በግልጽ የጻፈ ወንድ ደግሞ ከወረፋው መጨረሻ ነው። ሐሳቡን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ባል ነው፣ ሰው የምታገኘው ግን ሚስት። አትሄድም ከሆነ መልስህ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ በግልጽ ንገራት።

ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ሐሙስ ብቻ ነው ያለው። ሰውየው ሐሙስ አለው፤ ያንተ ቀን የቱ ነው? ሐሙስ ማታ ባለቤትህ ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ፣ «እማዬ» የሚላት ሰው ወደሌለበት ቤት ትሄዳለች፤ እንዴት ዋልሽ ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚጠብቅ ሰው ታገኛለች። አንተ የምታገኛት የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣ ሳህን የተቆለለበት መታጠቢያ ፊት ቆማ ነው። አንተ የራበህ ገላ ነበር፣ እሷን የራባት ዕረፍትና የሚያዳምጣት ሰው፤ ለሁለት ዓይነት ረሃብ አንድ ድስት ጣዳችሁና እሷ ጠገበች፣ አንተ ጾምህን አደርክ።

ስለዚህ ሰውየው ይቅር ከማለትህ በፊት ለራስህ ቀን ጠይቅ። እናትህ እዚያው ናቸው፤ ልጅቷን ለእሳቸው ተዉና በሳምንት አንድ ማታ ሁለታችሁ ብቻ ውጡ። የሐሙስ ወሬ አይነሳ። አልጋም ግዴታ አይሁን፤ ለደከማት ሴት የዚያ ዓይነት ግዴታ ሌላ ፈረቃ ነው። ደግሞ አንተ ብቻህን የምትወጣበት፣ ልጅቷን እሷ የምታስተኛበት ማታም ይኑርህ፤ ኳስ ተጫወት፣ ጓደኞችህን አግኝ። ሐሙስን ያለ ምንም ለውጥ ዝም ብለህ መሸከምህ ደግነት ይመስላል፣ ግን ውስጥህ ሒሳብ እየያዘ ነው።

እንዲህ በሚኖሩ ባለትዳሮች ዘንድ አንዱ «አቁም» ሲል ሌላው ወዲያው የሚያቆምበት የቬቶ ስምምነት አለ። እኔ አልወደውም። ትናንት የተዋወቀችውን ሰው ከሆነ ምንም አይደል፤ የለመደችውን ሰው በአንድ የስልክ መልእክት አሰናብቺ ስትላት ግን ትታዘዝህና ቂሙን ትይዛለች። ለተወሰነ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ አድርጊው ብለህ ጠይቃት፤ ለሰውየውም በራሷ አፍ ትንገረው፣ እሱም ሰው ነው። የአዲስ ፍቅር ሙቀት እንደሆነ ጊዜ ሲሄድ ይበርዳል፤ ማንጎራጎሯም አንተን መጥላቷን አያሳይም።

እህቴ፣ ታነባለች ብሏልና ላንቺም አንድ ቃል አለኝ። «ሐሳቡ ያንተ ነው» ያልሽው እውነት ነው፣ ግን አመመኝ ላለ ሰው መልስ አይሆንም። እሱ መጀመሪያ የጠየቀሽ ስለ አልጋችሁ ነበር። ደክሞሽ ነው? ከወሊድ በኋላ የቀረ ሕመም ኖሮ ነው? ወይስ ለእሱ ያለሽ ፍላጎት ቀርቶ ነው? የትኛው እንደሆነ ከአንቺ መስማት አለበት፤ ከሐሙስ እየገመተ እንዳይኖር። ስለ ምርመራ ለነርስ አልመክርም። ለእሱ ግን ንገሪው፦ የኤችአይቪ የላቦራቶሪ ምርመራ ግንኙነት ከተደረገ በኋላ ከ18 እስከ 45 ቀን ካላለፈ አስተማማኝ ውጤት አይሰጥም፤ በማግስቱ ተመርምሮ ነጻ ነኝ ማለት አይቻልም።

ይህን አንብበው «የፈረንጅ ብልግና አመጣሽብን» ብለው የሚጽፉልኝ አይጠፉም። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ባል ቅምጥ ይዞ ሚስት እያወቀች ዝም የምትልበት ነበር፤ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው። እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

የዜግነቱ ነገር። ጓደኛህ ያለው ግማሹ እውነት ነው። የማመልከቻው ቅጽ፣ ኤን-400፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሰው አግብተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እናንተን አይነካም። ነገር ግን ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ሊኖረው ስለሚገባ መልካም ጠባይ የወጣው ደንብ ትዳርን ለማፍረስ ያደረሰ ከትዳር ውጭ ግንኙነትን እንደ እንቅፋት ይቆጥራል። ባል የተስማማበት፣ ትዳሩም ያልፈረሰ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቢሆንም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ እንጂ ጓደኛ አትጠይቁ፤ ቃለ መጠይቁ ላይም ውሸት አይነገር። የአከራይ ስጋት ካለባችሁ ደግሞ ኦክላንድ በ2024 በቤተሰብና በግንኙነት ዓይነት ምክንያት ሰውን ማግለል የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ከሐበሻ ሐሜት የሚጠብቅ ደንብ ግን ገና አልወጣም።

ልደቱ ላይ ሰውየው አይምጣ። ልጅቷ አትሰማም ብላችሁ ተስማምታችኋል፤ «የሸክላ ጓደኛዬ ነው» ተብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ውሸት የለም ያላችሁት ፈረሰ። እናትህም ቢሆኑ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ነገሩን ያውቁታል። ሰውየው ቅር ካለው ሐሙስ ላይ ታስረዳው።