ለጎንደር ገበያ የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋልን?

ጥያቄ፦ በመገጭ ወንዝ አካባቢ በመስኖ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጎመንና ሰላጣ የምናመርት ጎረቤታሞች ነን። የእያንዳንዳችን መሬት ከአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ገደማ) ብዙም አይበልጥም። ዩሪያም ሆነ ፀረ ተባይ ሳንጠቀም በኮምፖስትና በከብት ፍግ እያመረትን ቅዳሜ ገበያ እንሸጣለን፤ በከተማው ያሉ ጥቂት ሆቴሎችም ከእኛ ይወስዳሉ። በቅርቡ አንድ ነጋዴ የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት ከሌላችሁ ዋጋ አልጨምርም አለን። ስናጠያይቅ የተነገረን ክፍያ የአንዳችንን የዓመት ገቢ የሚውጥ ሆነብን። አዋጥተን እናውጣ ወይስ ይቅርብን?

ከጎንደር ዙሪያ

መልስ፦ የተከበራችሁ ጠያቂዎቻችን፣ ምርታችሁን የምትሸጡት ለጎንደር ገበያና ለጎንደር ሆቴሎች ብቻ እስከሆነ ድረስ ለዚህ ወረቀት ገንዘብ አታዋጡ። ነጋዴው በሐሳቡ ከጸና ግን ወረቀቱ ሲመጣ በኪሎ ስንት እንደሚጨምርና ስንት ኩንታል እንደሚወስድ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ፤ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነ ወጪው የእናንተ፣ ጥቅሙ የእርሱ ይሆናል።

ክፍያው የከበደበትን ምክንያት መረዳት ይጠቅማል። መስካሪ ድርጅት የሚያስከፍለው ተቆጣጣሪው ለሚጓዝበት፣ ለሚያድርበት፣ ማሳ ለሚያይበትና ሪፖርት ለሚጽፍበት ቀን ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የአፈርና የምርት ናሙና የሚመረመርበት የላቦራቶሪ ወጪ ይታከልበታል። ማሳው አንድ ቃዳም ሆነ መቶ ሄክታር ይህ ወጪ በመጠኑ ልክ አይቀንስም፤ ቁጥጥሩም በየዓመቱ ይደገማል። ስለዚህ ባለሰፊ እርሻው ወጪውን በብዙ ኩንታል ላይ ሲያካፍለው እናንተ በጥቂት ኪሎ ሽንኩርት ላይ ትጭኑታላችሁ። መሬቱንና ውኃውን ጠብቆ ያመረተ ገበሬ ይህንኑ ለማስመስከር ሲከፍል፣ ኬሚካል የረጨው ግን ምንም ሳይጠየቅ ገበያ መግባቱ ፍትሐዊ ነው ብለን አናምንም። በዚህ ረገድ ለትንሹ አምራች ቦታ የሰጡ አገሮች አሉ። በአሜሪካ የኦርጋኒክ ሽያጩ በዓመት ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ አምራች ደንቡን ማክበር ቢኖርበትም ከምስክር ወረቀት ግዴታ ነፃ ነው፤ ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ በቀጥታ ለተጠቃሚ የሚሸጡ፣ የተመዘገቡ የቤተሰብ ገበሬዎች ያለ ምስክር ወረቀት እንዲሸጡ ፈቅዳለች።

ወረቀቱ ተገቢ ቦታው የሚሆነው ገዢው ማሳውን ፈጽሞ ሊያይ በማይችልበት ሩቅ ገበያ ላይ ነው። የአገራችን የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ለውጭ ገበያ ወረቀቱን የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያወጡትም በተናጠል ሳይሆን በቡድን፣ የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት፣ ማለትም አባሎቻቸውን ራሳቸው የሚቆጣጠሩበትን አሠራር ዘርግተው ነው። እናንተም ወደፊት ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ካሰባችሁ መንገዱ ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ አንድ ቡድን ከ2,000 አባላት እንዳይበልጥና ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው ያዝዛል።

ለቅርብ ገበያ የሚበጀው አሳታፊ የዋስትና ሥርዓት የሚባለው ነው። ዓለም አቀፉ የኦርጋኒክ ግብርና ንቅናቄዎች ፌዴሬሽን ይደግፈዋል፤ በብራዚልና በሕንድ ደግሞ የመንግሥት ዕውቅና አለው። አሠራሩ የእድርን ያህል ለእናንተ የታወቀ ነው፦ አባላቱ መተዳደሪያ ደንብ ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ፣ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል፤ አጥፍቶ ያልታረመም ይወጣል። እርስ በርሳችሁ ማሳ ለማሳ እየዞራችሁ ያያችሁትን በመዝገብ ታሰፍራላችሁ። ጉብኝቱ ግን በአባላት መካከል ብቻ ከቀረ ዋጋ የለውም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ለማጋለጥ ይሉኝታ ይይዘዋልና። የሆቴሎቹን የወጥ ቤት ኃላፊዎች፣ የዘወትር ደንበኞቻችሁንና የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ። ከጎንደር ተነሥቶ ማሳችሁን አይቶ በዕለቱ የሚመለስ ገዢ ካላችሁ፣ ከውጭ የሚመጣ መስካሪ የማይሰጣችሁ እምነት በእጃችሁ ነው።

ይህን ስንል ግን ኃላፊነቱን እያቀለልን አይደለም፤ የምንጠነቀቅለትም እዚህ ላይ ነው። አልረጨንም ማለት ብቻውን አይበቃም። የዘራችሁት ዘር በኬሚካል የታሸ ነበር? የመስኖው ውኃ ከላይ ኬሚካል የሚረጭ ሰው ማሳ አቋርጦ ይመጣል? የጎረቤት ርጭት በነፋስ እንዳይደርስባችሁ በድንበራችሁ ላይ ቁጥቋጦ ወይም ረጅም ሰብል አለ? ከሁሉም በላይ የምትዋሱትን የጀርባ መርጫ ተጠንቀቁ፤ ትናንት ፀረ አረም የያዘ መርጫ ዛሬ ተባይ የሚከላከል የኒም ዛፍ ቅጠል ጭማቂ ቢሞላበት ቅሪቱ ማሳችሁ ላይ ይወርዳል። ቡድኑ የራሱ መርጫ ይግዛ፤ ገንዘቡን ለምስክር ወረቀት ከማውጣት ይልቅ ይህ በእርግጥ ይጠቅማችኋል። አዲስ አባል ስትቀበሉም የአውሮፓ ደንብ ለዓመታዊ ሰብል ከመዝራት በፊት የሁለት ዓመት የሽግግር ጊዜ (መሬቱ ያለ ኬሚካል የሚታረስበት ጊዜ) እንደሚጠይቅ አስታውሳችሁ ተመሳሳይ ገደብ አስቀምጡ።

ፍጉም ጥንቃቄ ይሻል። ሰላጣ በጥሬው የሚበላ ስለሆነ ያልተብላላ ፍግ ማሳው ላይ መበተን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። የአሜሪካ ደንብ አፈር የሚነካ የሚበላ ክፍል ላለው ሰብል ጥሬ ፍግ ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን አስቀድሞ አፈር ውስጥ እንዲገባ ያዝዛል፤ ለሌላው የሚበላ ሰብል 90 ቀን ነው። የእናንተ ሰላጣ ይህን ያህል ማሳ ላይ ስለማይቆይ፣ ፍጉ በሚገባ ሞቆና ተገላብጦ የበሰለ ኮምፖስት እስኪሆን ድረስ ለሰላጣ አታውሉት።

ሽንብራ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ በጎተራ ውስጥ የሚጣለውን የነቀዝ ክኒን መዝግቡ። ማሳው ንጹሕ ሆኖ ጎተራው ሲበከል አይተናል፤ ደንበኛ ይህን ቢሰማ እምነቱ አይመለስም። በደንብ በፀሐይ አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ክኒኑን ያስቀራል።

የቀረው የምልክቱ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ስላላት፣ ኦርጋኒክ የሚለውን ቃል በከረጢት ላይ ከማተማችሁ በፊት የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። እስከዚያው ድረስ የማምረቻ ቀበሌያችሁን፣ የቡድኑን ስምና «ያለ ዩሪያና ያለ ፀረ ተባይ ኬሚካል የተመረተ፤ ማሳውን መጥተው ማየት ይችላሉ» የሚል ጽሑፍ በመሸጫችሁ ላይ ስቀሉ፤ የመዝገቡንም ቅጂ ለሚጠይቅ ሁሉ አሳዩ።